የኮሶ ሻጭ ልጅና የባዕድ እጅ

የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው የዕለት ፖለቲካ ጥቂት ራቅ ይላል። ራቅ ይበል እንጂ መድረሻው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። (የምጠቅሳቸው ዘመናት ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮሶዬ ይደርሳል። መንገዱ እዚያ ላይ ከገደሉ አፋፍ ይጠጋል። ከእግር በታች ምድር ድንገት ይቋረጥና ቆላው በጉም ተሸፍኖ፣ ተራራ ከተራራ ኋላ እየተደራረበ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። በአፋፉ ጭላዳ ሣር ይነጫል፤ በስተ ኋላ የገብስ ማሳ አለ፤ ብርዱ ጋቢ ያስመኛል። አንድ ቀን ከዚህ አፋፍ ቆሜ ሳለ አንድ ወጣት አስጎብኚ ለእንግዶቹ ሲናገር ሰማሁ፦ «ይህን ሥፍራ የእንግሊዝ ንግሥት አይተው አድንቀውታል።» ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1965 ኢትዮጵያን በጎበኙ ጊዜ ከዚህ ቆመው ቆላውን እንደ ተመለከቱ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ ይናገራል። ልጁን አልወቅሰውም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ወደ ጎንደር ስመለስ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ተመለሰ። እኛ የገዛ አገራችንን ከፍታ ለማመን የባዕድ ዓይን ምስክርነት የሚያስፈልገን ስለ ምንድን ነው? ባዕዱስ ከእኛ ዘንድ ኖሮ፣ ሠርቶ፣ አይቶ ሲሄድ ምን ትቶልን ሄደ?

ጥያቄው ለጎንደር ምድር አዲስ አይደለም። 400 ዓመት ያህል ሆኖታል።

አንድ ዛፍ፣ ብዙ ስም

የኮሶዬ ስም ኮሶን ያስታውሰኛል። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ አበባው ለሆድ ትል መድኃኒት ሆኖ ኖሯል፤ ምሬቱም በቋንቋችን ምሳሌ ሆኗል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 በሊማሊሞ ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ ጎንደር ገባ። በቆይታውም ይህን ዛፍ አጠና፤ ሕዝቡ ትልን ለማስወጣት አበባውን እንደሚጠጣ መዘገበ። ለእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ሲልም በባንክስ ስም ሰየመው። ስሙ አልጸናም። በኋላ መድኃኒቱ በቁስጥንጥንያ በኩል አውሮፓ ሲደርስ ብራየር በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ተጠራ። ዛሬ በሳይንስ የሚታወቅበት «ሀገንያ አቢሲኒካ» የሚለው ስም ደግሞ ሀገን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ መታሰቢያ ነው። ባንክስ፣ ብራየር፣ ሀገን። ሦስቱም በዛፉ ላይ ስማቸው ተጽፏል። አበባው ትልን እንደሚያወጣ መጀመሪያ የደረሰችበት፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ ለታመመ ልጇ ያጠጣችው የደጋ ሴት ግን ስም የላትም።

ብሩስን አላኮስሰውም። በጎንደር ቆይታው በቁስቋም ግቢ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተጠግቶ፣ በፈንጣጣ የተያዙ የመኳንንት ልጆችን አክሞ፣ ሹመትም አግኝቶ የኖረ ሰው ነው። የራስ ሚካኤል ስሑልን ጦርነቶች በዓይኑ አይቷል፤ የዘመነ መሳፍንትን መባቻ እንደ እርሱ አድርጎ የጻፈልን የውጭ ሰው የለም። ሆኖም ይህ ሰው የራሱን ባልደረባ እጅ ደብቋል። አብሮት የመጣው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የቦሎኛ ሰው ነበር፤ የዕፅዋቱን ሥዕል የሠራው እርሱ ነው። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ሠዓሊው ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። በኋላ የተመረመሩት ማስታወሻዎች ግን ባሉጋኒ በ1770 ኅዳር ግሽ ዓባይ ላይ አብሮት እንደ ነበረ አሳዩ። ከእርሱ በፊት፣ በ1618፣ እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን ማየቱንም ብሩስ ሊቀበል አልወደደም። የሌላውን እጅ መካድ፣ እንግዲህ፣ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም።

ግንቡን ማን ሠራው?

ዐፄ ፋሲል በ1632 ዙፋኑን ሲይዙ የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ መግባት አገሪቱን በደም አራጭቷት ነበር። ጥንታዊውን ሃይማኖት መለሱ፤ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ በ1636 ገደማም ጎንደርን ቆረቆሩ። ከዚያ ወዲያ ጎንደር በሯን ለባዕድ ዘጋች ይባላል። እውነቱ ግን በሩ ለሰባኪ ተዘጋ እንጂ ለባለ እጅ አልተዘጋም። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው አል ሐይሚ የንጉሡን ግንብ ሲገልጽ፣ የሠራው ህንዳዊ ባለ ሙያ እንደ ነበረ ጽፏል።

አንድ ባለ ሙያ ብቻውን ግንብ አያቆምም። ከድንጋይ ጠራቢዎቹ፣ ከአናጢዎቹና ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ነገሥታቱ ከእነርሱ ለአንዳንዶቹ መሬትና ማዕረግ ሰጥተዋል። ሕዝቡ ግን ቀን በሠሩለት ማረሻ እያረሰ፣ ማታ «ቡዳ ናቸው፤ ጅብ ይሆናሉ» ሲል ኖረ። ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ስትሄዱ ገና ከከተማው ብዙ ሳትርቁ ወለቃን ታገኛላችሁ። ይህ የእነርሱ መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ በመንገዱ ዳር የሚሸጠው የሸክላ ሥራ የእነርሱን ስም ይዞ ቀርቷል። እጁ ከሄደ በኋላ እጁን አመሰገንነው!

መግባትና መውጣት

የዛሬ ዘመን መንገደኛ ችግሩ የሰው አገር መግባቱ ነው። ቪዛ ይለምናል፤ ኤምባሲ ደጅ ይጠናል። በጥንቷ ኢትዮጵያ ግን ለባለ ሙያ ችግሩ መውጣቱ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው ፖርቱጋላዊ ፔሮ ደ ኮቪልያ ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፤ መውጣት ግን ተከለከለና እዚሁ አረጀ። በ1699 ታላቁን ዐፄ ኢያሱን ሊያክም በስናር በኩል ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በዓመቱ በምጽዋ በኩል መመለስ ስለ ቻለ ከዕድለኞቹ ይቆጠራል። ብሩስም በ1771 መጨረሻ ስንብት አግኝቶ በስናር በኩል ወጣ።

ለሁለቱም አገራቸው ሲገቡ የጠበቃቸው አለመታመን ነበር። የፖንሴን ትረካ ብዙዎች ተጠራጠሩት። ብሩስ ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱ ለንደንን አሳቀ፤ ባለ 5 ቅጽ መጽሐፉንም ያሳተመው ከተመለሰ ከ16 ዓመት በኋላ በ1790 ነው። በባዕድ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው በሁለቱም አገር እንግዳ ይሆናል። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዋርሶ የሚኖር ወገናችን ለዕረፍት ሲመጣ የሚሰማው ይኸው አይደለምን?

የኮሶ ሻጭ ልጅ

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ልግባ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጠላቶቻቸው አፍ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ነበሩ። እናታቸው በችግራቸው ዘመን ኮሶ ሸጠዋል ተብሎ ነው። ደጃዝማች ወንድይራድ «ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ድል ሆኖ በተያዘ ጊዜም ካሣ «እናቴ ኮሶዋ አልሸጥ ብሏት እህል አልገዛችም» ብለው ኮሶ አጠጡት ተብሎ ይተረካል። ቀልዱ መራራ ነው። በሥራ የተሰደበ ሰው ስድቡን መልሶ ለሰዳቢው ማጠጣቱ ነው።

ቴዎድሮስ በ1855 ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። ንጉሡ ለባለ እጅ የነበራቸው ፍቅር ከዚያ ስድብ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኛል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የተላኩ ወጣቶች፣ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሌሎችም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉ መጡ። ንጉሡ ግን መድፍ እንዲሠሩ ፈለጉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሠፈሩ። ከመካከላቸው ብረት ማቅለጥ የሚያውቀው ሞሪትዝ ሆል ነበር፤ ይህ ሰው የፖላንድ ተወላጅ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ላዝግም። ሆል ሲወለድ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ጎረቤቶቿ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ሦስት ጊዜ ተከፋፍለው ጨርሰዋት ነበር፤ ተመልሳ የቆመችው በ1918 ነው። መኳንንቷ እርስ በርስ ሲጠላለፉ፣ አንዱ የሌላውን ምክር ሲሽር፣ ጎረቤት ገባ። የመጀመሪያው ክፍፍል በሆነበት ጊዜ እኛ ዘንድ ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን በ1769 ካስገደሉ ገና 3 ዓመት ነበር፤ የእኛም መኳንንት ሥራቸው ያው ነበር። እንግዲህ አገር አልባ ከሆነ ሕዝብ የወጣ አንድ ሰው፣ የተበታተነ አገር ሊሰበስብ ለተነሣ ንጉሥ መድፍ ሊያቀልጥ ጋፋት ላይ ቆመ። ስለ ፖላንድ በኖሩና በሠሩ የውጭ ሰዎች ብዙ ይጻፋል። ከፖላንድ ወጥቶ በእኛ ዘንድ ስለ ኖረና ስለ ሠራ ሰው ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

የጋፋት ሰዎች ከንጉሡ ልብስና ፈረስ ተሸለሙ፤ እዚሁ አገቡ፤ ወለዱ። ሆል የጀርመናዊውን የኤድዋርድ ዛንደርንና የኢትዮጵያዊት ባለቤቱን ልጅ አገባ። ዋልድማየር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴቫስቶፖል የቀለጠው በእነዚህ እጆችና ስማቸው ባልተጻፈ የአገሬው ሠራተኞች እጅ ነው። መንገዱ ሲጠረግ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ መሸከሙ በዚያ ዘመን የነበረውን ትርጉም አስቡት!

መጨረሻውን ታውቃላችሁ። ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ከ1864 ጀምሮ ቆንስሉና ሚሲዮናውያኑ ታሰሩ። በ1866 ንጉሡ ባለ እጆች ይላኩልኝ ብለው ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለ እጆቹ ምጽዋ ድረስ መጥተው ተመለሱ። ጎንደርም በዚያው ዓመት በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጠለች። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ወደቀ። የጋፋት ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ሄዶ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሆል ያፋ ሠፈረ፤ የእንግሊዙ ዕውቅ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ከዘሩ የመጣ ነው። ሴቫስቶፖል መቅደላ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ብረቱ ቀረ፤ ዕውቀቱ ሄደ። ለምን? ጋፋት አውደ ሥራ ነበር እንጂ ትምህርት ቤት ሆኖ ሥር አልሰደደም። ዕውቀቱ የእስረኛ ዕውቀት ነበር፤ እስረኛ ደግሞ በሩ ሲከፈት ይወጣል። ከዚህ የከፋው ግን፣ አብሮ መዶሻ ያነሣው የአገሬ ሰው ከጋፋት ሲወጣ የሚጠብቀው ስም «ጠይብ» የሚል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ስም ልጁ እንዲወርስ የሚሻ ማን ነው?

ያልተነገረ የቤት ታሪክ

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ይሠሩ ነበር። እኔ ይህን የተረዳሁት ከእናቴ አፍ አይደለም፤ እናቴ ትደብቀው ነበር። የተረዳሁት ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ልጁ ከእኛ ቤት ውኃ እንኳ አይጠጣም ነበር። ቢጨንቀኝ ምክንያቱን ጠየቅሁት፤ «እናቴ ከልክላኛለች» አለኝ። የእርሱ አባት ደግሞ አንድን የውጭ አገር መካኒክ እሑድ እሑድ ምሳ ይጋብዝ ነበር። በገበታው ላይ ያ መካኒክ የአያቴን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ብረት ያሞቃል፣ ብረት ያቃናል። አንደኛው እጅ ተጋበዘ፤ ሁለተኛው እጅ ተፈራ።

አያቴ የጫሩት እሳት ጠፍቶ ወናፉ አይጥ በላው። ከልጆቻቸው አንድም ሙያውን አልያዘም። ሁላችንም ተማርን፤ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እኔም እነሆ ብዕር ይዤ ስለ ብረት እጽፋለሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ በኔ ሰፈር ሳይሰማ ቀርቷል ማለት ነው።

ትቶ የሄደና ይዞ የሄደ

በ20ኛው መቶ ዓመትም የውጭ ሰው ወደ ጎንደር መምጣቱን አላቆመም። በኮሶዬ የሚያልፈውንና በሊማሊሞ የሚወርደውን የመኪና መንገድ የጣሊያን ወራሪ ሠራው፤ ወራሪው ራሱ መስከረም 28 ቀን 1941 ወልቅፊት ላይ፣ ኅዳር 27 ቀን ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ያ መንገድ በኃይል የመጣ ነውና ከውለታ አልቆጥረውም።

ሁለት ሌሎች ምሳሌዎች ግን ሚዛን ላይ ይቀመጡልኝ። የመጀመሪያው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ፈጀ፤ በ1954 ኮሌጁ ሥራ ጀመረ። በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የመጡ የውጭ መምህራን የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠለጠኑ። ተማሪው በክፍል ብቻ አልተወሰነም፤ በቡድን ሆኖ ገጠር ወጥቶ ይሠራ ነበር። በ1978 ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመን የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ተጀመረ። አሜሪካዊውም ሄደ፤ ጀርመናዊውም ሄደ፤ ምሥራቅ ጀርመን የምትባል አገር ራሷ በ1990 ከካርታ ጠፋች። ኮሌጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ቆመ። ለምን? የመምህሩን ወንበር የተረከበው ተማሪው ስለ ነበረ ነው።

ሁለተኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1967 ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ሰው የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ መጣ፤ 2 ዓመት ሠርቶ፣ ከአለቆቹ ጋር ሳይስማማ፣ ተማርሮ ለቀቀ። በ1971 ያሳተመው ስለ ሰሜን የጻፈው መጽሐፍ ለዋልያና ለደኑ ያለውን ፍቅር፣ ለቢሮክራሲያችንም ያለውን ንዴት ያሳያል። ንዴቱ ሐሰት አልነበረም። ዋልያው እየታደነ፣ ደኑ እየተመነጠረ ነበር። በ1970ዎቹ የመጣው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ደግሞ በዚያው ፓርክ ሠርቶ፣ በኋላም የአፈር መሸርሸርን ከኢትዮጵያውያን ባለ ሙያዎች ጋር ለብዙ ዓመታት ሲለካ ኖረ።

ፓርኩ በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። ነገር ግን በውጭ ዓይን ሲታይ በዚያ ምድር ዋልያ ጎልቶ ታየ፤ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ግን እንደ ችግር ተቆጠረ። በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር የነበሩ ገበሬዎች በኃይል ተነሡ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲሠፍሩ ተደረገ፤ በ2017 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። እኔ ዋልያው ይጥፋ አልልም። የምለው፣ ያ ውሳኔ በመጨረሻ የእኛው መንግሥት ውሳኔ ነበር ነው። የባዕድ ዓይን ያላየውን ወገን የእኛም ዓይን አላየውም። ጥፋቱ የፈረንጁ ብቻ ነው ብሎ መገላገል ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም።

ስለዚህስ?

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን የባዕድን እጅ ለመግፋት የሚጠቅሱት አሉ። እኔ እንዲያ አልተረጉመውም። ጎንደር በህንዳዊ ዕውቀት፣ በቤተ እስራኤላዊ መዶሻ፣ በገበሬ ግብር ቆመች፤ ንጹሕ የአንድ ወገን ሥራ የለም። ከታሪኩ የምቀስመው ሌላ ነው፤ የባዕድ ዕውቀት የሚዘልቀው የሚረከበው የወገን እጅ ሲከበር ብቻ ነው። ጋፋት ላይ አልተከበረምና ብረት ብቻ ቀረ። ጤና ኮሌጁ ላይ ተከብሯልና ዕውቀቱ ቀረ።

ዛሬ በሰሜኑ ጦርነትና በ2023 በተነሣው ግጭት ምክንያት በጎንደር መንገድ የውጭ እንግዳ ዓይን ተመናምኗል። የኮሶዬ አፋፍ ግን ንግሥት ብታየውም ባታየውም እዚያው አለ። ወጣቶቻችን ደግሞ በተራቸው የባዕድ አገር ሠራተኞች ሆነዋል፤ በሰው አገር ሐኪም፣ ሾፌር፣ መሐንዲስ፣ የቤት ሠራተኛ ናቸው። እዚያ ሲደርሱ ሥራን ሳይንቁ ይሠራሉ። እዚህ ቢሠሩት የሚያፍሩበትን ሥራ እዚያ ሠርተው ለእናታቸው ገንዘብ ይልካሉ። ሥራውን ክቡር የሚያደርገው የድንበር ማኅተም ነውን?

ለመንግሥትም፣ ለተቃዋሚም፣ ለራሴም ያለኝ ጥያቄ ይኸው ነው። አማካሪ ከውጭ ስናስመጣ ማን ይረከበዋል? የሚረከበውንስ በምን ስም እንጠራዋለን? እኔ በበኩሌ ከዛሬ ጀምሮ ማን ነህ ብትሉኝ የምመልሰው አለኝ። የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ነኝ። ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ መራራነቱም እንደ ኮሶ ነው። ኮሶ ግን የሚጠጣው ለመድኃኒት ነው።

ቸር ይግጠመን።